«ከፍ ያለች አውቶሞቢል ናት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፣ ያገለገለ ትንሽ ክሮስኦቨር ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰሞኑን ስለ ያገለገሉ ትናንሽ ክሮስኦቨሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፣ ራቭ4፣ ሲአር-ቪ፣ ቱሳን፣ ስፖርቴጅ፣ ሮግ፣ ፎሬስተር፣ ሲኤክስ-5 ምናምን ሚባሉትን ማለት ነው። ጸሐፊው ብዕሩ ጥሩ ነው፣ ውሸታም ነው ማለቴም አይደለም፣ ግን የነገረን ግማሹን ነው፣ ያገለገለ መኪና ላይ ደሞ ኪስ ሚያራግፈው ያልተነገረው ግማሽ ነው።

ያለው ባጭሩ ይሄ ነው። ክሮስኦቨር ከፍ ያለች አውቶሞቢል ስለሆነች ወጪዋም የአውቶሞቢል ነው። ኪሎሜትሯ ዝቅ ያለውን ምረጡ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አትነካኩት። ኦል ዊል ድራይቭ (ሞተሩ አራቱንም ጎማ ሚነዳበት) ካልተበላሸ ምንም አያስወጣም። የጃፓን ከሆነች ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ። ቼክ ኢንጂን ሚባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ካልበራ ጤነኛ ናት። ከዛ መጨረሻ ላይ ነዳጅና የሞተር ዘይት ደምሮ ይሄው የዓመት ወጪያችሁ ብሎ ዘጋው። እኔ በሱ ቅደም ተከተል ልሂድ፣ የካምቢዮው ጉዳይ ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሲያለቅስ ያየሁት እዛ ላይ ነው።

ከፍ ያለች አውቶሞቢል ናት ሚለው እውነት አለው፣ ሲአር-ቪ መሰረቷ ከሲቪክ ጋር አንድ ነው፣ ሌሎቹም ብዙዎቹ እንደዛው ናቸው። ግን ክብደቱንስ? የ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው) ራቭ4 ወደ 1,500 ኪሎ ትመዝናለች፣ የዛን ጊዜዋ ኮሮላ ከ1,300 በታች ናት። ያ ሁሉ ተጨማሪ ኪሎ በየቀኑ ሚያርፈው የፍሬን ሸራ፣ ጎሚኒ (ብረት ከብረት እንዳይመታ መሃል ሚገባው ላስቲክ)፣ ቴስቲና (የመሪና የእግር መጋጠሚያው)፣ አሞርዛተር (ንዝረት ሚያበርደው) እና ኩሽኔታ (ጎማው ሚዞርበት) ላይ ነው። ጎማውም ያው ነው፣ ብዙዎቹ 17 እና 18 ኢንች ስለሚያደርጉ ለ15 ኢንች ስትከፍሉ የነበረውን እርሱት። አንዱ አንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ያን ያህል አይደለም፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ነው ሚመጡት፣ ምክንያቱም ሁሉም ያረጁት በአንድ ላይ ነው። ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ ሚለው የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ወደ ጎን እንዳታዘነብል ሚይዘው ዘንግ ማያያዣ) ከሆነ እሰየው፣ ቀላል ነው። የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር ሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ከሆነ ግን አንዳንዱ መኪና ላይ ጎሚኒው ለብቻው ስለማይሸጥ ሙሉ ብራቾ ትገዛላችሁ፣ ከዛ ደሞ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አለ።

እዚጋ የራሴን ጅልነት ልንገራችሁ። የኔዋ ከ60 በላይ ስትሄድ ኡኡ ሚል ድምፅ ታወጣ ነበር፣ ፍጥነት ስጨምር እሱም ይጨምራል። መካኒኩ ሳይነዳት ቆሞ ሰማና ኩሽኔታ ነው አለ፣ የፊቱን ቀየርን። ድምፁ እዛው። በሌላኛውም በኩል ቀየርን፣ አሁንም እዛው። በኋላ አንድ ወዳጄ የኋላውን ጎማ በመዳፉ ወደፊትም ወደኋላም ዳበሰና ና አንተም ንካው አለኝ፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ ተቆራርጦ በልቷል። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት ስናዞረው ድምፁም አብሮ ወደ ፊት መጣ። ሁለት ደህና ኩሽኔታ ጥዬ ነበር ማለት ነው። ከኔ ተማሩ፣ ኩሽኔታ ከሆነ መሪውን ወደ ግራ ጠምዘዝ ስታደርጉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የቀኙ ይጮሃል፣ ወደ ቀኝ ስታደርጉ ደሞ የግራው። ጎማ ከሆነ ግን ለጥምዘዛው ብዙም አይለዋወጥም፣ ሚለዋወጠው አስፋልቱ ሲቀየር ነው።

ኪሎሜትር ዝቅ ያለ ይሻላል ለሚለው፣ እንደ አነዳዱ ነው። 40,000 የነዳች የ12 ዓመት መኪና ማለት ብዙ ጊዜ ቅርብ ቅርብ ቦታ እየደረሰች ሞተሯ ሳይሞቅ ስትጠፋ የኖረች ናት፣ እሱ ደሞ ለዘይቱም ለማርሚታውም (ለጭስ ማውጫው) ለባትሪውም ጥሩ አይደለም። ጎማና ጎሚኒ ኪሎሜትር ብቻ አይቆጥሩም፣ ዓመትም ይቆጥራሉ። የፍሬን ዘይት ቁጭ ብሎ እንኳ ከአየር ውሃ ይስባል፣ ለዛ ነው በየ2 ዓመቱ ቀይሩት ሚባለው። ቺንጊያ (የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አብሮ ሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ያላቸው ሞተሮች ላይም በኪሎሜትር ባይደርስ በዓመት ይደርሳል፣ ከተበጠሰ ብዙዎቹ ላይ ቫልቩና ፒስተኑ ይገናኛሉ፣ ከዛ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ማስወረድ ነው። ካቴና (በቺንጊያ ፈንታ የብረት ሰንሰለት) ስለሆነ ችግር የለውም ሚለውንም ጸሐፊው አለፍ ብሎ ጠቅሶታል፣ የቀድሞዎቹ ቲጓኖች የካቴና መወጠሪያ ምን እንዳደረገ የቮልስዋገን ባለቤቶችን ጠይቁ።

ደሞ ቁጥሩ እራሱ እውነት መሆኑን በምን አወቃችሁ? ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ 4 አሃዝ አለ፣ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው ማለት ነው። የ2015 መኪና 45,000 ብቻ ነድታ ጎማዎቿ የ2022 ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ የት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቶ ከሆነ፣ መሪው አብረቅርቆ ከሆነ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎን ተቦጭቆ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ተዉት።

ወደ ካምቢዮው እንምጣ። የዕድሜ ልክ ዘይት ሚለው ቃል ስንት ካምቢዮ እንደገደለ! የማን ዕድሜ ነው ብሎ ሚጠይቅ የለም። ለአምራቹ የዋስትናው ዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደሞ ምትገዟት ዋስትናዋ ካለቀ በኋላ ነው። ከነዚ መኪኖች ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው፣ ሲቪቲ ውስጥ እንደምናውቀው ዓይነት ማርሽ የለም፣ ሁለት ሾጣጣ ፑሊዎች አሉ፣ በመሃላቸው የብረት ቀበቶ ይሮጣል፣ ፑሊዎቹ ጠበብ ሰፋ እያሉ ነው ፍጥነቱን ሚለዋውጡት። ቀበቶው እንዳይንሸራተት ጨምቆ ሚይዘው የዘይቱ ግፊት ነው፣ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ሚጠብቀውም ሚያቀዘቅዘውም ያው ዘይት ነው። በሙቀት ሲያረጅና የብረት ብናኝ ሲሞላው ቀበቶው ትንሽ ትንሽ መንሸራተት ይጀምራል፣ አንዴ ፑሊውን ከጫረው ዘይት ብትቀይሩም አይመለስም። ስለዚ እኔ ምለው በ60,000 ኪሎሜትር ገደማ ቀይሩት፣ ሙቀት፣ ዳገትና ጭነት ካለ ከዛም ቀደም አድርጉት። ዘይቱ ደሞ የራሱ ነው፣ ኒሳን ኤንኤስ-2 ሚል ካለ ኤንኤስ-2፣ ኤንኤስ-3 ሚል ካለ ኤንኤስ-3፣ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ሞልቶ መሄድ መኪናዋን ለመግደል በጣም አጭሩ መንገድ ነው።

ጸሐፊው ሲቪቲ ሚበላሸው በመጥፎ አነዳድ ነው ብሏል። እሺ፣ አነዳድ ይገድላል፣ ግን ኒሳን ራሱ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2010 ድረስ ያሉትን ሲቪቲዎቹን፣ የ2008 እስከ 2010 ሮግን ጨምሮ፣ ዋስትናቸውን ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ያራዘመው ሹፌር ሁሉ መጥፎ ስለሆነ ነው? 120,000 ማይል ማለት ወደ 193,000 ኪሎሜትር ነው። ከዛ በኋላ የመጣችው የ2014ቷ ሮግም ከዚ ችግር ሙሉ በሙሉ አልወጣችም።

ልትገዙ ስትሄዱ ታዲያ ሰፈር ዞራችሁ አትመለሱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ እስክትሞቅ፣ ከተቻለ ዳገት ላይ። ቀስ ብላችሁ ስትነሱ መንቀጥቀጥ፣ ከፍጥነት ጋር ሚወጣ ፉጨት፣ ከአር ወደ ዲ ስታስገቡ ቆይቶ ከዛ ዱብ ማለት፣ ዳገት ላይ ስትሞቅ ድንገት አልሄድም ማለት፣ ከነዚ አንዱ ካለ ዋጋ አትደራደሩ፣ ተዉት። ሲቪቲ ከፍቶ ሚጠግን ባለሙያ እንደ ተራ አውቶማቲክ በየቦታው አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ነው ሚቀየረው፣ ያረጀች መኪና ላይ ደሞ እሱ ከመኪናዋ ግምት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ሲቪቲ ምትፈሩ ከሆነ ሲኤክስ-5 ተራ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ናት፣ እሷን እዩ። የሷም ዘይት ግን ይቀየራል!

ኦል ዊል ድራይቭ። ካልተበላሸ አያስወጣም አለ። እንዴ፣ ሳይበላሽም ያስወጣል እኮ። የኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሚያካፍለው) ዘይት አለ፣ ትራንስፈር (ኃይሉን ወደ ኋላ ሚልከው) ዘይት አለ፣ አንዳንዶቹ ላይ ኋላውን ሚያገናኘው ክላች ራሱን የቻለ ዘይትና ፓምፕ አለው። ማንም አይቀይረውም፣ ፓምፑ ሲደፈን ኋላው ዝም ብሎ መስራት ያቆማል፣ ባለቤቱም አያውቅም፣ ጭቃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በፊት ጎማ ብቻ እየነዳ ባለ ኦል ዊል ነኝ ይላል። በተቃራኒው ደሞ ሰው በከንቱ ሚደነግጥበትም አለ፣ ሲአር-ቪ መሪ ሙሉ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ከኋላ ማቃሰትና መንቀጥቀጥ ካለ ብዙ ጊዜ የኋላ ዲፈረንሻሉ ዘይት ነው፣ ዱዋል ፓምፕ ሚባለው የሆንዳ የራሱ ዘይት ተቀይሮ ትንሽ ተነድታ ዝም ትላለች። ይሄን ሳያውቅ ዲፈረንሻል ያስወረደ ሰው አውቃለሁ።

ትልቁ ወጪ ግን ጎማ ነው። አንድ ጎማ ቢቀደድባችሁ አውቶሞቢል ላይ አንድ ወይ ሁለት ገዝታችሁ ትገላገላላችሁ። ኦል ዊል ላይ አዲሱ ጎማ ካረጁት ሦስቱ በዙሪያው ስለሚበልጥ በእያንዳንዱ ዙር ልዩነት ይፈጠራል፣ መሃል ያለው ክላች ወይ ዲፈረንሻል ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ሁልጊዜ እየተፋተገ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። ሱባሩ ለምሳሌ የ4ቱ ጎማ ዙሪያ ልዩነት ከ6.4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ነው ሚለው። ዙሪያ ነው እንጂ የጥርስ ጥልቀት አይደለም፣ ስለዚ በጥርስ ሲታሰብ ወደ 1 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ስትገዙ አራቱንም ጎማ ተጎንብሳችሁ እዩ፣ ሦስት ዓይነት ብራንድ ካለ የቀድሞው ባለቤት ለሌላውም ነገር እንዴት እንደነበረ ነገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ምትነዱ ከሆነ የፊት ጎማ ብቻ ምትነዳዋን ግዙ ነው ምለው፣ ብዙ ሰው በዚ ከኔ ጋር አይስማማም።

የጃፓን ከሆነች ዓይን ጨፍኖ ስለመግዛት፣ አትጨፍኑ። እኔም የጃፓን ነው ምነዳው፣ ወድጄም ነው። ግን ከ2006 እስከ 2008 ያለችው ባለ 2.4 ሊትር ራቭ4 ሞተሯ ዘይት በመጠጣት የታወቀ ነው፣ የፒስተኑ የዘይት ሪንግ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈናሉ፣ ዘይቱ ላይ ይቀርና ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ መለኪያ አድርጎ ያስቀመጠው በ1,200 ማይል 1 ኳርት ነው፣ በኛ አነጋገር 2,000 ኪሎሜትር ሳይሞላ 1 ሊትር ገደማ። እሷን ይዞ በ5,000 ነው ምቀይረው እያለ መለኪያ ዘንጉን ሳያይ ሚሄድ ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ከ2009 ጀምሮ ባለ 2.5ቷ የተሻለች ናት። ሆንዳም 2017 እና 2018 ሲአር-ቪ ባለ 1.5 ቱርቦ ላይ ቤንዚን ከዘይት ጋር ይቀላቀል ነበር፣ በተለይ ቀዝቃዛ አገር አጭር አጭር መንገድ ሲነዳ፣ ዘይቱ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱት፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለና ከከፍተኛው ምልክት በላይ ከወጣ በቃ እሱ ነው።

ኮሪያዎቹንም፣ ሀዩንዳይና ኪያን፣ አልተዋቸውም፣ ቴታ 2 ሚባሉት 2.0 ቱርቦና 2.4 ሞተሮች የኮኔክቲንግ ሮድ ብሮንዚና (ፒስተኑን ሚይዘው ዘንግ ሚዞርበት ስስ ብረት) እየበሉ ሞተር ስለሚያስነክሱ (አጣብቀው ስለሚያቆሙ) አሜሪካ ውስጥ በ2015 እና በ2017 ለጥገና ተጠርተዋል፣ በ2017ቱ ስፖርቴጅም ነበረችበት። ከሞተሩ ታች ሚመጣ ደፈን ያለ የመቀጥቀጥ ድምፅ ሞተሩ ሲሞቅ እየባሰ ከሄደ እሱ ነው። ስለዚ ጥያቄው የየት አገር ናት ሳይሆን የትኛው ሞተር፣ የትኛው ዓመት፣ ማን ያዛት ነው።

ቼክ ኢንጂን አልበራም። ይቺን ነው የጠበቅኳት። መጀመሪያ ነገር መብራቱ ብዙ ጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ጎሚኒ ሲያልቅ አይበራም፣ ዘይት ስትጠጣ አይበራም፣ የተቃጠለው ዘይት ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) እስኪገድለውና የሱ ብልሽት ኮድ ፒ0420 እስኪመጣ ድረስ። ሁለተኛ መብራት ይጠፋል። ባለፈው አንድ ዘመዴ መኪና ሊያይ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፣ ብርማ ቀለም፣ የታጠበች፣ ሞተሯ እንኳ ተወልውሎ። ሻጩ መብራት የለም እዩ እያለ ቁልፉን ያዞራል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ሚገናኘውን ትንሽዋን ኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናዋን የብልሽት ኮድ ምታነበውን) ከመሪው ስር ሰካሁና ኮድ ሚለውን ነካሁ፣ ባዶ። ደስ አላለኝም፣ ዝቅ አድርጌ ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳ ርቀት ሚለውን አወጣሁት፣ 11 ኪሎሜትር። ሬዲነስ ሚለው፣ መኪናዋ ራሷን ፈትሻ መጨረስ አለመጨረሷን ሚያሳየው ገጽ ላይ የካታሊቲኩም የኦክስጅን ሴንሰሩም ፍተሻ ገና አልተጠናቀቀም ይላል። ስልኩን ለሻጩ አሳየሁት፣ ባትሪ ቀይሬ ነው አለ። ባትሪ ሲነቀልም ይሄ ነገር ይጠፋል፣ እውነት ነው፣ ስለዚ ኮፈኑን ከፈትነው። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ዱቄት ሆኖ ተቆልሏል፣ ዓመት ያልተነካ ባትሪ። ዘመዴ ምንም ሳይናገር ወደ መኪናችን መሄድ ጀመረ።

ያቺ ማንበቢያ ከአንድ ጎማ በጣም ትረክሳለች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግዟት። ሬዲነሱ ካልተጠናቀቀ ሰውየውን ሌባ አትበሉት፣ ንዷት ከሳምንት በኋላ ልምጣ በሉት፣ መልሱ ላይ ፊቱን እዩት።

ነዳጅና የሞተር ዘይት ሚለው ሂሳብ ላይ ብዙ አልልም፣ የኔን የመጀመሪያ ዓመት ልጻፍላችሁ፣ ደብተር ላይ ስለያዝኩት። የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ ማለትም ኩላንቱ፣ ምክንያቱም የቀድሞው ባለቤት የቧንቧ ውሃ ሞልቶበት ዝገት ሆኖ ነበር የወጣው። ካንዴላ ከነ አንድ ቦቢና (ለካንዴላው እሳት ሚሰጠው)። ባትሪ። የፊት ፍሬን ሸራ። ሁለት የስታቢላይዘር ሊንክ። አራት ጎማ። ሁለት ኩሽኔታ፣ እነሱ እንኳ የጅልነት ናቸው፣ ከሂሳቡ አውጧቸው። ከነዚ ውስጥ የመኪናዋ ብልሽት ሚባል አንድ ቦቢና ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከኔ በፊት የነበረው ሰው መክፈል ሲገባው እያሳለፈ ያወረሰኝ ነው። ለዛ ነው ያላችሁን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መግዣው ላይ አትጨርሱ ምለው፣ ለዘይቶቹና ለጎማዎቹ ለይታችሁ ያዙ፣ ያ ካልበቃችሁ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለች መኪና ፈልጉ።

በሁለተኛው ዓመት ደብተሩ ላይ ያለው ዘይትና ፊልተር ነው፣ አንድ የመስታወት መጥረጊያ ጎማም አለ። የኋላ ጎሚኒ ትንሽ ጭር ጭር ማለት ጀምሯል፣ ጠዋት ሲበርድ ብቻ ነው ሚሰማው፣ እሱን በሚቀጥለው ወር አያታለሁ።